የአረቄ አተላ ጓሮ ላይ ስናፈስ፦ አፈሩን ሳናፍን እንዴት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ የሚወጣበት ሰፈር ካደጋችሁ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከየግቢው የባሕር ዛፍ ጭስ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአጥሩ ሥር ቡናማ ውሃ ቦዩን ይዞ ይወርዳል። አተላ ነው። ወፍራሙን ከብት ይሻማበታል፤ በሬ የሚያደልብ ሰው ቀድሞ አስይዞ ነው የሚወስደው። ቀጭኑን ውሃ ግን ማንም አይፈልገውም። ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ መጨረሻው ወንዝ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቀጭን ውሃ ነው። ጓሮ ላይ ማዋል ይቻላል። ግን ዝም ብሎ መገልበጥ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ ገልብጬ ነው የተማርኩት። ነሐሴ ላይ ነበር። አንድ ሙሉ በርሜል፣ 200 ሊትር፣ 2 ሜትር በ5 ሜትር የሆነች የጎመን መደብ ላይ ደፋሁት። በነፃ ማዳበሪያ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ መደቡ እንደ ገማ እንቁላል ይሸት ጀመር። ጎመኑ ከሥር ቅጠሉ ጀምሮ ቢጫ ሆነ። በዶማ ገለጥ ሳደርገው አፈሩ ከታች ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ግራጫ ሆኗል። አተላውን የሰጡኝ ጎረቤቴ አጥሩ ጋ ቆመው አዩና፣ "አንተ ልጅ፣ የራበው በሬ ማገጥ ላይ ይለቀቃል እንዴ?" አሉኝ።

ከብት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ በሬ ጠዋት እርጥብ ማገጥ (ያ ባለ ሦስት ቅጠሉ የሜዳ መኖ) ላይ ከተለቀቀ ሆዱ ይነፋል፤ ሊሞትም ይችላል። ማገጥ መጥፎ መኖ ሆኖ አይደለም። ጥሩ መኖ ነው። በአንድ ጊዜ ስለበዛበት ነው። ከዚያ ወዲህ በአተላ የምሠራው ሁሉ ከዚህች አንድ ጥያቄ የወጣ ነው።

አፈሩ ውስጥ ምን ይሆናል?

በአንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሻጋታውና ሌላው ሳይቆጠር ነው። ሥራቸው ገለባውን፣ ሥሩን፣ እበቱን እየበሉ ለሰብሉ የሚሆን ምግብ መልቀቅ ነው። በኛ አገር ደግሞ እነዚህ ነዋሪዎች ራብተኞች ናቸው። እበታችን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ገለባችን ለከብት ይሄዳል። ለአፈሩ የሚተርፈው ቃርሚያ ነው።

እንዲህ ለተራበ አፈር አተላ ስትሰጡት ሁሉም በአንዴ ይነሳል። ስኳርና ቀላል ምግብ የሚወዱት ባክቴሪያዎች በቀናት ውስጥ እየተባዙ ይሄዳሉ። ሲበሉ ይተነፍሳሉ፤ ሲተነፍሱ በአፈሩ ቀዳዳ ያለውን አየር ይጨርሱታል። አየር ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩት ተራውን ይይዛሉ። ያ የገማ እንቁላል ሽታ የነሱ ነው። አፈር ውስጥ የነበረው ናይትሮጂንም በዚያ ሰዓት ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የኔ ጎመን ቢጫ የሆነው መደቡ ምግብ አጥቶ አልነበረም። ምግቡ ከልክ አልፎ ስለፈሰሰ ነው።

አተላ ውስጥ ደግሞ አፈሩን የሚያስቸግር ሌላ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ኮምጣጣነቱ ነው። ሁለተኛው ጌሾው ነው። ጌሾ ጠላን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገው የማይፈለጉ ጀርሞችን ስለሚገታ ነው። ጠላ ውስጥ የጠቀመው ባሕርይ አፈር ውስጥ ሲገባ ጠላትና ወዳጅ አይለይም።

ይህን ነገር በደንብ ያጠኑት የወይራ ዘይት የሚጨምቁት የሜዲትራንያን አገሮች ናቸው። የኛ ወይራ የነሱ ወይራ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ግን ዘይት አንጨምቅበትም። እነሱ ጋ ፍሬው ሲጨመቅ ከዘይቱ ሌላ ጥቁር፣ ኮምጣጣ፣ መራራ ውሃ ይወጣል። በብዛት የሚወጣው በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በመከርና በክረምታቸው ነው። ወንዝ ከገባ ዓሣ ይጨርሳል። ስለዚህ ማሳ ላይ መርጨት ጀመሩ። የጥንት ሮማውያን ይህን ውሃ አሙርካ ይሉት ነበር። አውድማ ሲያዘጋጁ መሬቱን ያጠጡት ነበር፤ ሣር እንዳይበቅልበት፣ ጉንዳን እንዳይገባበት። እኛ አውድማችንን በእበት ነው የምንለቀልቀው። እነሱ ሣር በሚከለክል ውሃ። እንግዲህ ይህን ዝም ብሎ ማሳ ላይ ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

የመከልከሉ ምስጢር ፌኖል የሚባለው ነገር ነው። ገንቦ በወይራ የምታጥን ሴት ፌኖልን በስሙ ባታውቀውም በሥራው ታውቀዋለች። ጭሱ ውስጥ ያለው የዚሁ ቤተሰብ ነው። በወይራው ውሃ የታየው ባጭሩ ይህ ነው፦ ውሃው ሲፈስ የአፈሩ ትንፋሽ ወዲያው ይጨምራል። ሻጋታዎች ይበረታሉ። ናይትሮጂንን ለሰብል የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎች ግን ይደክማሉ፤ ከሁሉ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። መጠኑ ልከኛ ከሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ተመልሰው ያገግማሉ፤ አፈሩም በካርቦንና በፖታሲየም ይጠቀማል። ከመጠን ካለፈ ወይም በደረቅና ሞቃት ወቅት ከፈሰሰ ፌኖሉ ይቆያል። አፈሩም ውሃ አልጠጣም ይላል።

አተላ የወይራ ውሃ አይደለም። ፌኖሉ እንደዚያ አይበዛም። የእርሾና የእህል ፕሮቲን ስላለበት ናይትሮጂንም አለው። ለዚህ ነው ከብት የሚወደው። ግን ኮምጣጣነቱና አየር መጨረሱ አንድ ናቸው። የመጠኑንና የጊዜውን ጥንቃቄ ከነሱ ብንዋስ አናፍርም።

አተላውን ማዘጋጀት

ትኩሱን በፍጹም አታፍስሱ። ከአረቄው ማውጫ እንስራ የወጣ አተላ የፈላ ውሃ ነው። የነካውን ይቀቅላል። በርሜል ውስጥ ይደር። በማግስቱ ወፍራሙ ከታች ይረጋል። ያንን ለከብት፤ ከላይ ያለውን ቀጭኑን ለአፈር። ወፍራሙንም አፈር ላይ የሚደፋ አይቻለሁ። ለኔ ይሄ መኖ ማባከን ነው፤ በዚያ ላይ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይነጠፍና አፈሩን ይደፍነዋል።

ቀጭኑን ሁለት ሳምንት ያህል ክፍት በርሜል ውስጥ አቆዩት። ዝንብ እንዳይፈላበት አሮጌ ወንፊት ወይም ሻሽ አልብሱት። በየቀኑ በእንጨት አማስሉት፤ አየር ይግባው። መጀመሪያ ላይ አረፋ ይነሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ አይዋሽም። ከመስኮት ራቅ አድርጉት። እኔ ባለማራቄ ከባለቤቴ ጋር አንድ ሳምንት በቅጡ አልተነጋገርንም።

ከዚያ አመድ። አረቄ ያለበት ቤት አመድ ሞልቷል። በወንፊት ንፉት። በ20 ሊትር ጀሪካን ልክ ለሚሆን አተላ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ኮምጣጤውና አመዱ ሲገናኙ ይንተከተካል። መንተክተኩ ሲቆም በቃ። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ጣሳ ይበቃዋል፤ እንደ አተላው ኮምጣጣነት ነው። ካበዛችሁት ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ያም ለአፈሩ ጥሩ አይደለም። ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። ቀለም የተቀባ እንጨትም አይሆንም።

ፌጦውን ጠይቁት

ይህችን ደረጃ አትዝለሉ። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህችን አትዝለሉ። የወይራ ውሃና ኮምፖስት የሚመረምሩ ሰዎች መርዛማነትን ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው ዘሮች ዋናው ፌጦ ነው። እኛ ለቁርጠትና ለቡዳ ብለን የምናስቀምጠው ያ ቀይ ፍሬ። ገበያ ላይ በጥቂት ብር ትገዙታላችሁ።

ሦስት ሳህን አምጡ። እያንዳንዱ ላይ ጥጥ ወይም ሶፍት አንጥፉ። አንደኛውን በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። ሁለተኛውን በአንድ ኩባያ አተላ ላይ 9 ኩባያ ውሃ በተጨመረበት። ሦስተኛውን ባልተበረዘ አተላ። ማርጠብ ብቻ፤ አታስዋኙት። በእያንዳንዱ ላይ 20 ፍሬ ፌጦ ተራርቆ ይደርደር። ፌጦ ውሃ ሲነካው ወዲያው ሙልጭልጭ ያለ ዝልግልግ ልብስ ይለብሳል፤ ከጣት ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ በደረቁ ደርድሩት፣ ከዚያ አርጥቡ። እኔ ይህን ያወቅኩት ሃያዋን ፍሬ ከጢሜ ላይ ስለቅም ነው።

ሳህኖቹን ከድናችሁ ምድጃው አካባቢ፣ ሙቀት ያለበት አስቀምጡ። ሞቃት አገር ሦስት ቀን ይበቃል። በኛ ብርድ አምስት ቀን ስጡት። ከዚያ ቁጠሩ። ሥሩንም በማስመሪያ ለኩ። በንጹሕ ውሃው ላይ 20ውም ቢበቅል፣ በሁለተኛው ሳህን 16ና ከዚያ በላይ ከበቀለ፣ ሥሩም ብዙ ካላጠረ፣ አተላው ተበርዞ ሊፈስ ደርሷል። ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ሳምንት ጨምሩና ድገሙት። ሦስተኛው ሳህን ላይ ምንም ባይበቅል አትደንግጡ። እዚያ ያስቀመጥነው ለማየት ነው። የሥሩ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ሲቀር ታያላችሁ፤ ያልተበረዘ አተላ ለሥር ምን እንደሆነ ያ ያሳያችኋል።

መቼ?

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጊዜ ጠባብ ነው።

ክረምት አይሆንም። መረሬ አፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ራሱ በውሃ ታፍኗል። በላዩ አተላ መጨመር የሰመጠን ሰው ውሃ ማጠጣት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥም አይሆንም። ውርጭ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የፈሰሰው ሳይበላ ይከርማል። ጥር ላይ ደግሞ አፈሩ ደረቅ ነው። በደረቅ አፈር ላይ የፈሰሰ ነገር ከላይ ደርቆ እንደ ሰም ይሸፍነዋል።

የሚሆነው የበልጉ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ነው። የካቲት መጨረሻ፣ መጋቢት። ዝናቡ አንድ ሁለቴ ወርዶ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚጠቀለል ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን። ቀኑም ሞቅ ያለ ነው። እስከ ሰኔ ዘር ድረስ ከሁለት ወር በላይ አለ። በልግ ገብስ የምትዘሩ ሰዎች ያንን መሬት ተዉት፤ ሌላ መደብ ምረጡ።

ቦታ ስትመርጡ ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ራቁ። ተዳፋት ላይ አታፍስሱ። እኔ ቢያንስ 50 እርምጃ እርቃለሁ። ውሃ ውስጥ ከገባ የሚሆነው አፈር ውስጥ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው፤ አየሩ ያልቃል። ልዩነቱ ውሃ ውስጥ ሆዱ የሚነፋው ሌላ ሰው የሚጠጣው መሆኑ ነው።

ስንት?

ጣልያን በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በዓመት ለአንድ ሄክታር ከባሕላዊ መጭመቂያ ለሚወጣ የወይራ ውሃ 50 ሜትር ኩብ፣ ከዘመናዊው ለሚወጣው 80 ሜትር ኩብ ፈቅዳለች። ወደ ጓሯችን ስናመጣው ለአንድ ካሬ ሜትር 5 እና 8 ሊትር ነው። ይህ ጣሪያው ነው። እኛ ብርድ ላይ ነን። ብዙዎቻችን የምናርሰውም ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ስለዚህ እኔ ከጣሪያው በጣም ዝቅ ብዬ ለካሬ ሜትር 2 ሊትር እላለሁ። ለማስታወስ ቀላል ነው፦ 2 በ5 ለሆነች መደብ አንድ ጀሪካን። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የዚህን አሥር እጥፍ ነበር የደፋሁት።

ማሳችሁን በሙሉ ለማዳረስ አታስቡ። አንድ ጥማድ መሬት በዚህ ሂሳብ 250 ጀሪካን ይፈልጋል። አንድ ቤት ይህን አያወጣም፤ ቢያወጣም ማን ይሸከመዋል? ይህ የጓሮ ሥራ ነው።

ከማፍሰሳችሁ በፊት መደቧን በገመድ ለሁለት ክፈሏት። ግማሿ አተላ፣ ግማሿ በዚያው ልክ ንጹሕ ውሃ። "ምን ያደርግልኛል?" ትሉ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ሰብሉ ጥሩ ከሆነ አተላው ነው ወይስ ዝናቡ? ማወቂያው ይህ ብቻ ነው። ሁለት ችካል፣ አንድ ደብተር። ቀኑን፣ መጠኑን፣ የፌጦውን ቁጥር ጻፉ። "አልረሳውም" ብላችሁ ታልፋላችሁ። ትረሱታላችሁ።

የአተላዋን ግማሽ በሁለት ጊዜ ስጧት። ድርሻዋ በጠቅላላው ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ከሆነ፣ ዛሬ 5 ሊትር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 5 ሊትር። ፌጦው ላይ በፈተናችሁት ልክ በውሃ በርዙት። የወተት ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር ብሱትና እንደ ውሃ ማጠጫ ተጠቀሙበት፤ አንድ ቦታ እንዳይቋጥር። በዚያው ቀን በዶማ አንድ ስንዝር ያህል አዋሕዱት። ይህ ማዋሐድ አየር የማስገባት ሥራ ነው፤ አትስነፉበት። ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ካላችሁ አብራችሁ ብታስገቡ አፈሩ እንዳይታመቅ ይረዳል።

ከብት የሚበላው ሣር ላይ፣ ወይም ሰው በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ላይ አታፍስሱ። የቆመ ሰብል ላይም አይሆንም።

መከታተል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። አንድ እፍኝ አፈር ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አንሡና አሽትቱ። የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ የሚመጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ አይደል? ያንን የሚያወጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። ያ ሽታ ካለ ደህና ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ ገና እየተበላ ነው። የገማ እንቁላል ከሸተተ ታፍኗል። በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ነጭ የሻጋታ ክር ከአፈሩ ጓል ላይ ብታዩ አትፍሩ። ሻጋታው አተላውን እየጨረሰ ነው።

ከዚያ የጠብታ ፈተና። ከሁለቱም ግማሽ አንዳንድ ጓል አንሥታችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። በሳር ዘንግ አንድ ጠብታ ውሃ ላዩ ላይ ጣሉ። በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ጠብታው ቀድሞ ከሰረገ ጥሩ። ከ5 ሰከንድ በላይ እንደ ዶቃ ተቀምጦ ካያችሁት አፈሩ ውሃ መግፋት ጀምሯል። በሚቀጥለው ዓመት መጠኑን ቀንሱ።

ረጅሙ ፈተና የአቡጀዲው ነው። እኔ ይህንን በጣም እወደዋለሁ። ጥጥ የረቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ነው። አፈር ውስጥ ስትቀብሩት ይበሉታል፤ ስንት እንደበሉ ደግሞ በዓይን ይታያል። ያልተቀለመ ንጹሕ የጥጥ አቡጀዲ አግኙ። ሻጭ "ጥጥ ነው" ስላለ አትመኑ፤ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ናይለን ያለበት ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። በእጅ መዳፍ ልክ ስድስት ቁራጭ ቁረጡ። ሦስቱን በአተላዋ ግማሽ፣ ሦስቱን በውሃዋ ግማሽ። አንድ ጣት ተኩል ያህል ከላይ አፈር ለብሶ፣ በቁሙ ይቀበር። የት እንዳለ እንዳይጠፋችሁ የናይለን ሲባጎ እሰሩበት፤ ናይለኑን አይበሉትም። ከሁለት ወር በኋላ በጥንቃቄ ቆፍራችሁ አውጡ። አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡና ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በብርሃን ተመልከቱ።

የኔ የሁለተኛ ዓመት ጨርቅ አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለ። የውሃዋ ግማሽ ላይ የነበረው ጠቋቁሯል፣ ጥቂት ቀዳዳ አለው። የአተላዋ ግን የአሮጌ ነጠላ ጥለት ሲቀር የሚመስለውን መስሏል፤ ጠርዙ ብቻ ነው የተረፈው። ያ 2 ሊትር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በታፈነው መደብ ብቀብር ኖሮ ጨርቁ ሙሉውን ይወጣ ነበር ብዬ እገምታለሁ። አየር በሌለበት ጥጥ የሚበላው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ቢበላሽባችሁ

ከታፈነ ሁለተኛ ነገር አትጨምሩበት። ሰው ሲደነግጥ ዩሪያ ይነሰንሳል፤ የታፈነ አፈር ላይ አብዛኛው ይባክናል። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበት ቦይ ቅደዱ። ዝናቡ ሲያባራ በዶማ ገልብጡት፣ ጓሉን አየር ይምታው። ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ሽታው ሲለቅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ከጤነኛ መደብ ሁለት ሦስት አካፋ አፈር በትኑበት፤ ነዋሪዎቹ ይመለሳሉ። እኔ የዚያን ዓመት መደብ ባዶውን ተውኩት፣ በበልጉ አገገመ።

በየዓመቱ በአንድ መደብ ላይ አታመላልሱ። አተላም አመድም ጨው አላቸው፤ ይጠራቀማል። ዘንድሮ የሰጣችኋትን መደብ ሁለት ዓመት አሳርፏት።

ባቄላው

የመጨረሻውን ውጤት የሚነግራችሁ ባቄላ ነው። ሰኔ ላይ በሁለቱም ግማሽ ባቄላ ዝሩ። የባቄላ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዱና ለተክሉ ይሰጡታል። የሚኖሩት ሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ነው። ነሐሴ መጨረሻ፣ ባቄላው ሲያብብ፣ ከየግማሹ አምስት እግር አንሡ። ነቅላችሁ አይደለም፤ እብጠቱ አፈር ውስጥ ይቀራል። ዙሪያውን በአካፋ ቆርጣችሁ ከነጓሉ አውጡትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ። አፈሩ ራሱ ይረግፋል። ከዚያ ቁጠሩ። ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። እብጠቷን በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጧ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራች ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራ አቁማለች። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረችም።

አምና ያችን አተላ የሰጡኝን ጎረቤቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አንዷን እብጠት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሰነጠቋትና ወደ ፀሐይ አዙረው አዩዋት። ጣታቸው ላይ ቀይ ነገር ቀረ።

"ደም አለው እንዴ?" አሉኝ።

አለው ማለት ይቻላል። ያንን ቅላት የሚሰጠው ነገር የኛን ደም ከሚያቀላው ጋር ቤተሰብ ነው፤ ሥራውም ለባክቴሪያዎቹ አየርን በልክ ማድረስ ነው። ይህን ስነግራቸው ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ "በል እንግዲያው ሰኞ በርሜሉን ይዘህ ና" ብለውኝ ገቡ።